የመተማን ሙቀት ማን ይመዝግበው?

የምዕራብ ጎንደር ቆላማ ወረዳዎች ስማቸው በዜና የሚነሣው በአብዛኛው በአራት ነገሮች ነው፡፡ በድንበር፣ በስደተኛ፣ በሰሊጥና በወባ፡፡ ከአራቱ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የአየር ጠባይ ጉዳዮች ናቸው፡፡ ሰሊጡ በዝናቡ ቀን፣ ወባው በሙቀቱና በእርጥበቱ ይመጣል ወይም ይቀራል፡፡ ይሁን እንጂ በመተማ፣ በቋራ ወይም በምዕራብ አርማጭሆ አንድ መንደር ውስጥ በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት ሙቀቱ ስንት ነበር ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መልስ ማግኘት ቀላል አይደለም፡፡ ውሳኔ የሚሰጠው አካል ባለው ቁጥር ይሠራል፡፡ ያለው ቁጥር ደግሞ ብዙ ጊዜ የሌላ ቦታ ነው፡፡

የሌላ ቦታ ቁጥር ምን ያህል እንደሚያሳስት ለመገመት ከጎንደር ወደ መተማ ዮሐንስ የሚወርደውን መንገድ ማሰብ ይበቃል፡፡ ርቀቱ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፡፡ ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ ስትቀመጥ መተማ ከ1,000 ሜትር በታች ወርዳ ትገኛለች፡፡ አየሩ በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚለዋወጥ፣ ጎንደር ላይ ደስ የሚል የመጋቢት ቀን መተማ ላይ ከ40 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፡፡ ዝናቡም እንዲሁ ነው፡፡ በቆላ አንዱ እርሻ ላይ የወረደ ዶፍ አምስት ኪሎ ሜትር ርቆ ላለው እርሻ ጠብታ ላያደርስ ይችላል፡፡

ጉዳዩ የሳይንቲስቶች ቅንጦት እንዳልሆነ የወባው ታሪክ ይመሰክራል፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 እስከ ኦክቶበር 20 ቀን 2024 ባለው ጊዜ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል፤ 1,157 ሰዎች ሞተዋል፡፡ ከዚያ ወደ ኋላ ስንሄድ እ.ኤ.አ. በ1958 በደጋና ወይና ደጋ የተነሣው ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰዎችን አሞ 150 ሺሕ ያህሉን እንደገደለ ይገመታል፡፡ ያን ጊዜ ጉዳዩን ያጠኑ ባለሙያዎች ምክንያቱን ካልተለመደ ዝናብ፣ ሙቀትና እርጥበት ጋር አያይዘውታል፡፡ ነገር ግን ይህን ያሉት ሰዉ ካለቀ በኋላ ነው፡፡ ሳምንታት ቀድሞ ለማለት የሚያስፈልገው በየቀኑ የሚሰበሰብ ቁጥር ነው፡፡

ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲና የአማራ ክልል ጤና ቢሮ ከአሜሪካ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው በሳተላይት መረጃ የወባን መነሣት ቀድሞ ለማወቅ ያደረጉት ሙከራ በዚህ ረገድ የሚመሰገን ነው፡፡ ሆኖም ሳተላይት የሚለካው የመሬቱን ገጽ ሙቀት ነው፡፡ ትንኟ ደም ከጠጣች በኋላ የምታርፈው መሬቱ ላይ ሳይሆን ጎጆው ውስጥ ግድግዳው ላይ ነው፡፡ በሁለቱ መካከል ብዙ ዲግሪ ሊለያይ ይችላል፤ ልዩነቱን የሚናገረው ጎጆው ውስጥ የተሰቀለ መሣሪያ ብቻ ነው፡፡

የካላዛር ነገር ደግሞ ከዚህም ይጠባል፡፡ በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በመተማና በሁመራ ቆላ የምትገኘው የግራር ዛፍ በበቀለበት፣ በጋ ሲሆን በሚሰነጣጠቀው ጥቁር አፈር ዙሪያ ነው፡፡ ለአረምና ለአጨዳ ከደጋ የሚወርደው የጉልበት ሠራተኛ የሚያድረውም እዚያው ነው፡፡ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ለዓመታት በአብደራፊ ሲያክሙ የኖሩት በአብዛኛው ይህንን ሠራተኛ ነበር፡፡ እ.ኤ.አ. በ2005 በሊቦ ከምከም ደጋ የታየው የካላዛር ወረርሽኝም ከቆላ ከሚመለሱ ሠራተኞች ጋር ተያይዞ ተነግሯል፡፡ ስንጥቁ ውስጥ ያለው እርጥበትና ሙቀት ከላይ ካለው አየር ፈጽሞ የተለየ ነው፡፡ በከተማ ግቢ ውስጥ የቆመ የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያ ስለ ስንጥቁ ምንም አያውቅም፡፡

ለመሆኑ ዛሬ የምንለካው እንዴት ነው? የቀድሞው ብሔራዊ ሚቲዎሮሎጂ ኤጀንሲ፣ የዛሬው የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ጣቢያዎቹን በደረጃ ይከፍላቸዋል፡፡ አራተኛ ደረጃ የሚባለው ጣቢያ ዝናብ ብቻ ይለካል፡፡ ሦስተኛው የዕለቱን ከፍተኛና ዝቅተኛ ሙቀት ይጨምራል፡፡ ለካዩ ጠዋት በ3 ሰዓት ወጥቶ የዝናብ መለኪያውን ይቀዳል፣ ቅጹ ላይ ይጽፋል፣ በወሩ መጨረሻ ይልካል፡፡ በወንዞች ላይ ደግሞ የውኃ ልኩን የሚያነብ ሰው ጠዋት 12 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት በወንዙ ዳር ከተተከለው ባለ ቁጥር ሰሌዳ ላይ አንብቦ ይመዘግባል፡፡ ይህ አሠራር የሚናቅ አይደለም፡፡ አገሪቱ ያላት ረጅም የአየር ንብረት ታሪክ የተጻፈው በእነዚህ ሰዎች እጅ ነው፡፡

ጉድለቱ የሚታየው እንደ ጓንግ ባሉ ወንዞች ላይ ነው፡፡ ጓንግ ወደ ሱዳን ተሻግሮ አትባራ የሚባለው ነው፤ ሽንፋ ደግሞ ወርዶ ራሃድ ይሆናል፡፡ ሁለቱም በበጋ ወደ ተቆራረጠ ኩሬ የሚወርዱ፣ በክረምት ሌሊት በድንገት የሚሞሉ ናቸው፡፡ ጎርፉ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ መጥቶ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ካለፈ፣ ማታና ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የሚነበበው ሰሌዳ ምንም እንዳልተፈጠረ ያሳያል፡፡ መዝገቡ ላይ ጎርፍ የለም፤ ከብት የተወሰደበት ገበሬ ግን አለ፡፡

ይህን ክፍተት የሚሞላው በእንግሊዝኛ ስሙ ዳታ ሎገር የሚባለው መረጃ መዝጋቢ መሣሪያ ነው፡፡ ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው፡፡ የሚለካ ዳሳሽ፣ ሰዓት፣ ማስታወሻና ባትሪ በአንድ ሳጥን ውስጥ ማለት ነው፡፡ በታዘዘው ደቂቃ ይለካል፣ ከነሰዓቱ ያስቀምጣል፣ የሚያነብበው ሰው እስኪመጣ ይጠብቃል፡፡

ብዙ ሰው ልብ አይለውም እንጂ ይህ መሣሪያ ቆላ ከገባ ቆይቷል፡፡ በጤና ጣቢያዎች የክትባት ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚቀመጠው ፍሪጅ ታግ የተባለው ትንሽ ነጭ መሣሪያ ሎገር ነው፡፡ የ30 ቀን ሙቀት ይይዛል፤ ማቀዝቀዣው ከ8 ዲግሪ በላይ ሆኖ 10 ሰዓት ከቆየ ወይም ከዜሮ በታች ግማሽ ዲግሪ ወርዶ 60 ደቂቃ ከቆየ የማስጠንቀቂያ ምልክት ያወጣል፡፡ የጤና ባለሙያው ጠዋትና ማታ አይቶ ይመዘግባል፡፡ ይህ መሣሪያ የተሳካለት ትክክለኛነቱ ከሌሎቹ ስለሚበልጥ አይመስለኝም፡፡ የሚያነበው ሰው የታወቀ ስለሆነ፣ ምልክቱ ሲወጣ ምን እንደሚደረግ የተጻፈ ስለሆነና ያለ ኮምፒዩተር በዓይን ስለሚነበብ ነው፡፡ ሎገር ለመግዛት የሚነሣ መሥሪያ ቤት ሁሉ ከካታሎግ በፊት ይህችን መሣሪያ ቢያጠና ይጠቅመዋል፡፡

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ፡፡ ክትባቱ እንዲህ ሲጠበቅ ከማቀዝቀዣው ውጪ መደርደሪያ ላይ ያሉት መድኃኒቶች ግን እንዲህ ዓይነት ጠባቂ እምብዛም የላቸውም፡፡ ለካላዛር የሚሰጠው አምቢሶም ከ25 ዲግሪ በላይ መቀመጥ የለበትም፡፡ በሚያዝያ ወር በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ የመድኃኒት መጋዘን ቀኑን ሙሉ ከ25 በታች ይሆናል ብሎ የሚያስብ ካለ መተማን አያውቃትም፡፡ ከሁሉም የሚረክሰው፣ አውራ ጣት የማያህለው ሎገር ይህን ጥያቄ በአንድ ወር ውስጥ ይመልሳል፡፡

አሁን ወደ ምርጫው እንምጣ፡፡ ገበያው ላይ ያለው ብዙ ነው፡፡ አዝራር የምታህለው አይበተን፣ የኦንሴት ኩባንያ ሆቦ፣ ውኃ ውስጥ የሚጠልቀው ዳይቨር፣ ብዙ ዳሳሾች የሚሰኩበት የካምቤል ሳይንቲፊክ መሣሪያ ይገኛሉ፡፡ ዋጋቸው ከአሥር ምናምን ዶላር ተነሥቶ በሺዎች ይደርሳል፡፡ ሻጮች ስለ ትክክለኛነት ብዙ ያወራሉ፡፡ ለቆላው ግን የመጀመሪያው ጥያቄ ሌላ ነው፡፡ መሣሪያው ራሱ ሙቀቱን ይችለዋል ወይ?

ለምሳሌ በዓለም ዙሪያ የተለመደው የካምቤል ሲአር 1000 መደበኛ ሞዴል እስከ 50 ዲግሪ ድረስ እንዲሠራ የተሠራ ነው፡፡ አየሩ 42 ዲግሪ ሲሆን ፀሐይ ላይ የቆመ የተዘጋ የብረት ሳጥን ውስጡ ከ50 ማለፉ አይቀርም፡፡ ስለዚህ ሰፋ ያለ የሙቀት መጠን የሚችለውን ሞዴል ማዘዝ ወይም ሳጥኑን ነጭ ቀብቶ ጥላ ማድረግ የግድ ነው፡፡ ባትሪውም እንዲሁ፡፡ ከፀሐይ ኃይል ጋር የሚሠራው የእርሳስና አሲድ ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ያህል ያጥራል፡፡ ደጋ ላይ አራት ዓመት የሚሠራ ባትሪ ጓንግ ዳር ሁለት ዓመት ቢደርስ ጥሩ ነው፡፡ በበጀት ዕቅድ ላይ ሁለቱም እኩል ከተጻፉ አንዱ ውሸት ነው ማለት ነው፡፡

ሁለተኛው የዳሳሹ መጠለያ ነው፡፡ ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት ዳሳሽ የአየሩን ሙቀት አይለካም፤ የራሱን መጋል ይለካል፤ ስሕተቱም ብዙ ዲግሪ ሊደርስ ይችላል፡፡ እንደተደራረቡ ሳህኖች ያለው ነጭ የፕላስቲክ መጠለያ ከሎገሩ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፡፡ ግዢ ሲቀነስ መጀመሪያ የሚሰረዘው ግን እሱ ነው፡፡ ሁለት አሥረኛ ዲግሪ ትክክለኛነት ያለው ውድ መሣሪያ ገዝቶ አምስት ዲግሪ በሚያሳስት ቦታ መስቀል ብር መጣል ነው፡፡

የማስታወሻው ነገር ሒሳብ ነው፡፡ 43 ሺሕ ቁጥር የሚይዝ ሎገር ሙቀትና እርጥበትን በየ10 ደቂቃው ቢመዘግብ በቀን 288 ቁጥር ይሆናል፡፡ በ149 ቀን፣ ማለትም በአምስት ወር ይሞላል፡፡ በየሰዓቱ ቢሆን ሁለት ዓመት ተኩል ይዘልቃል፡፡ በየደቂቃው ብሎ ያዘዘው ሰው ግን በ15 ቀን መመለስ አለበት፡፡ በክረምት በጥቁር አፈር ላይ መኪና እንደማይሄድ የሚያውቅ ሰው ከሰኔ እስከ መስከረም ማንም ሳይደርስበት የሚቆይ መሣሪያ ማዘጋጀት ይኖርበታል፡፡ ማስታወሻው ሲሞላ አንዳንዱ ሎገር መመዝገብ ያቆማል፣ አንዳንዱ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይደመስሳል፡፡ የትኛውን እንደሚያደርግ ሳይጠይቁ መግዛት አይገባም፡፡

ሰዓቱ ደግሞ የእኛ አገር ልዩ ወጥመድ ነው፡፡ ሎገሩ በፈረንጅ ቀንና ሰዓት ይቆጥራል፡፡ ለካዩ በማስታወሻ ደብተሩ ላይ የሚጽፈው ሐምሌ 12 ቀን፣ 3 ሰዓት ብሎ ነው፡፡ ወደ ኮምፒዩተር የሚያስገባው ጸሐፊ 3 ሰዓትን እንዳለ ከጻፈው የጠዋቱ ንባብ ሌሊት ላይ ያርፋል፤ የቀኑና የሌሊቱ ሙቀት ስድስት ሰዓት ተዛንፎ ይቀመጣል፡፡ ጳጉሜን ሲጨመርበት ነገሩ የባሰ ይሆናል፡፡ መፍትሔው ርካሽ ነው፡፡ በሎገሩ ላይም በደብተሩ ላይም ሁለቱን አቆጣጠር ጎን ለጎን የሚያሳይ ወረቀት መለጠፍ፣ ሎገሩ በተነበበ ቁጥር ከእጅ ሰዓት ጋር ያለውን ልዩነት መጻፍ፡፡

ለወንዝ የሚገዛ ከሆነ ሌላ ጣጣ አለ፡፡ ውኃ ውስጥ የሚጠልቀው ሎገር የሚለካው ግፊትን ነው፡፡ ብዙዎቹ ደግሞ የውኃውንም ከላይ ያለውን የአየርም ግፊት በአንድ ላይ ይለካሉ፡፡ አንድ ሄክቶፓስካል የአየር ግፊት አንድ ሴንቲ ሜትር ውኃ ያህል ነው፡፡ በእኛ አካባቢ የአየር ግፊት በቀን ውስጥ ብቻ ሦስት አራት ሄክቶፓስካል ከፍና ዝቅ ስለሚል፣ የአየሩን ግፊት ብቻ የሚለካ ሁለተኛ ሎገር ዳር ላይ ካልተሰቀለ ወንዙ በየቀኑ ሦስት አራት ሴንቲ ሜትር የሚተነፍስ ይመስላል፡፡ በጨረታ ሰነድ ላይ አንድ ብቻ የሚጠይቅ መሥሪያ ቤት ግማሽ መሣሪያ ገዛ ማለት ነው፡፡ የዝናብ መለኪያውም ቢሆን በየ0.2 ሚሊ ሜትሩ የምትገለበጠው ትንሽ ማንኪያ በኃይለኛ ዝናብ ጊዜ ቁጥር ታሳንሳለች፤ አቧራና የሸረሪት ድር ከዘጋው ጭራሽ ዝናብ አልነበረም ይላል፡፡ ስለዚህ አሮጌውን በእጅ የሚቀዳ መለኪያ አጠገቡ ማቆየት እንጂ ዘመናዊው መጣ ብሎ መንቀል አይበጅም፡፡

አሁን ወደ ዋናው ልዩነት እንግባ፡፡ ዛሬ ለጋሾችና ሻጮች የሚወዱት በሞባይል ኔትወርክ ቁጥሩን በቀጥታ ወደ ዋና ከተማ የሚልክ ጣቢያ ነው፡፡ ባሕር ማዶ የተቀመጠ ሰው መተማን በስክሪን ያያል፡፡ ጥሩ ነው፤ ለጎርፍ ማስጠንቀቂያ ደግሞ ከዚህ የተሻለ የለም፡፡ ነገር ግን በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ በተፈጠረው ግጭት የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደነበር የሚዘነጋ አይደለም፡፡ በኔትወርክ ብቻ የሚተማመን፣ የራሱ ማስታወሻ ትንሽ የሆነ መሣሪያ በእንዲህ ያለ ጊዜ ዝም ይላል፡፡ በራሱ ውስጥ የሚያስቀምጠው ግን ኔትወርክ ኖረ አልኖረ ሥራውን ይቀጥላል፡፡ አጠገቡ የቆመ ሰው በብሉቱዝ ወደ ስልኩ የሚገለብጥበት ሎገር ደግሞ ኢንተርኔትም ሲም ካርድም አያስፈልገውም፡፡ በእኔ ግምት ለምዕራብ ጎንደር የሚመረጠው ይኼኛው ነው፡፡

በግጭት አካባቢ አንቴናና የፀሐይ ሰሌዳ ያለው ብቸኛ ምሰሶ ምን እንደሚመስል ማሰብም ያስፈልጋል፡፡ ለአንዱ የሚሸጥ ሰሌዳ ነው፤ ለሌላው የስለላ መሣሪያ ነው፡፡ ጤና ኬላ ግቢ ውስጥ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ምን እንደሆነ የሚያውቀው ትንሽ ነጭ መጠለያ የተሻለ ዕድሜ አለው፡፡

ዋጋውንም አንርሳ፡፡ ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ ዶላር ከ57 ብር ተነሥቶ ከእጥፍ በላይ ሆኗል፡፡ አንድ ትልቅ ጣቢያ ይገዛ የነበረ በጀት ዛሬ ግማሹን አይገዛም፡፡ በዚያው ገንዘብ ግን 20 እና 30 ትናንሽ ሎገሮችን በየጤና ኬላው ማዳረስ ይቻላል፡፡ ቆላው የሚፈልገው አንድ እጅግ ትክክለኛ ነጥብ ሳይሆን ብዙ መጠነኛ ነጥቦች ነው፡፡ ከመስቀል በፊት ሁሉንም አንድ ክፍል ውስጥ አንድ ሌሊት አብሮ ማሳደርና ከጓደኞቹ የተለየ ቁጥር የሚያወጣውን ለይቶ ማስቀመጥ ማንም የሚችለው ፍተሻ ነው፡፡ ውኃ የማያስገባ ከሆነ ደግሞ በተፈጨ በረዶና ውኃ ድብልቅ ውስጥ ሲገባ ዜሮ ማሳየት አለበት፡፡ በረዶው ከጭማቂ ቤት ይገኛል፡፡

ቁጥር ገንዘብ መሆኑን የሚጠራጠር ካለ እ.ኤ.አ. በ2006 የሆነውን ያስታውስ፡፡ የዓለም ምግብ ፕሮግራም የኢትዮጵያን ድርቅ ከአክሳ ሪ ኩባንያ ዘንድ በ930 ሺሕ ዶላር ዓረቦን ሲያስመድን የካሳው መለኪያ የተደረገው የ26 የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያዎች ዝናብ ነበር፡፡ የዚያ ዓመት ዝናብ ጥሩ ስለነበር ካሳ አልተከፈለም፡፡ አሠራሩ ግን ቀርቷል ማለት አይደለም፤ በዝናብ ቁጥር ላይ የተመሠረተ የሰብል መድን በትግራይና በሌሎችም አካባቢዎች ተሞክሯል፡፡ የመተማ ሰሊጥ አምራች ነገ እንዲህ ያለ ውል ቢቀርብለት፣ እርሻው ውኃ ተኝቶበት ሰሊጡ ሲጠወልግ ሩቅ ያለው ጣቢያ መጠነኛ ዝናብ ነው ብሎ ከጻፈ የሚያገኘው ነገር የለም፡፡

ምድሪቱ በራሷ መንገድ ስትመዘግብ ኖራለች፡፡ እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት በወጣ ጥናት፣ ጆን ካፕልማን የመሩት ቡድን በሽንፋ ወንዝ አካባቢ የተገኙ የሰጎን እንቁላል ቅርፊቶችን መርምሮ ከ74 ሺሕ ዓመታት በፊት ቶባ የተባለው እሳተ ገሞራ በፈነዳበት ዘመን አየሩ እንደደረቀ፣ ሰዎቹም ዓሣ ወደ መብላት እንዳዘነበሉ አስረድቷል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በመተማ የዕጣን ዛፎችን ዓመታዊ ቀለበት ቆጥሮ ባለፈው ግማሽ ምዕተ ዓመት አዳዲስ ዛፎች እንዳልተተኩ አሳይቷል፡፡ ቅርፊቱና ቀለበቱ ዓመታትን ይነግሩናል፡፡ ሰሊጥ ዘሪው የሚፈልገው ግን የዛሬን ሳምንት ነው፡፡

ይህን ቁጥር ማን ይያዝ ለሚለው ጥያቄ ሦስት ተቋማት ይታዩኛል፤ የሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲና የጎንደር ግብርና ምርምር ማዕከል፡፡ ሦስቱም ባለሙያ አላቸው፡፡ ሆኖም መሣሪያው የተሰቀለበት ግቢ ባለቤት፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወይም የልማት ጣቢያ ሠራተኛው፣ ቁጥሩን ከሁሉም በፊት ማየት አለባቸው፡፡ በወር ትንሽ አበል፣ ለስልክ የሚሆን ክፍያና ቁጥሩ በግድግዳ ላይ የሚጻፍበት ጥቁር ሰሌዳ በፕሮጀክት ሰነድ ላይ እንደ መሣሪያ ዋጋ ተቆጥሮ መግባት ይኖርበታል፡፡ ሎገሩ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ባትሪው ቢያልቅ እንኳ ማን እንደሚቀይረው በስም የታወቀ ሰው ያስፈልጋል፡፡

የጊዜው ነገርም አለ፡፡ የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ቀን ያበቃል፤ ያልወጣ ገንዘብ እንዳይመለስ ግዢው ሰኔ ላይ ይጣደፋል፡፡ በዚህ መንገድ የሚገዛ ሎገር ጎንደር የሚደርሰው ቆላው በዝናብ ሲዘጋ ነው፡፡ ሰሊጡ በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ይዘራል፡፡ መሣሪያው በመጋዘን ሆኖ መስከረምን ይጠብቃል፡፡ ሲሰቀል ክረምቱ አልፏል፤ የወባው ከፍተኛ ወቅት ደግሞ ጀምሯል፡፡ ጨረታው በኅዳር ቢወጣና መሣሪያዎቹ በሚያዝያ፣ መንገዱ ደረቅ ሳለ ቢሰቀሉ፣ የመጀመሪያው ቁጥራቸው የዓመቱ ከፍተኛ ሙቀት፣ ቀጣዩ ደግሞ የመጀመሪያው ዝናብ ይሆናል፡፡